የክፍል ሰዓት በግማሽ ሲቀነስ፦ ቅይጥና መደበኛ የኢኮኖሚክስ ትምህርት በኮሌጆች

እ.ኤ.አ. በ2013 የመጸው ሴሚስተር በኒው ዮርክ ከተማ በሚገኘው ባሩክ ኮሌጅ የማይክሮኢኮኖሚክስ መግቢያ ትምህርት የሚወስዱ 725 ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እንደተለመደው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለ75 ደቂቃ፣ ክፍል ገብቶ ይማራል። ሁለተኛው ወገን ክፍል የሚገባው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀረውን በኢንተርኔት በተዘጋጀው ትምህርትና መልመጃ ራሱ ይሸፍናል፤ ቅይጥ አሰጣጥ የሚባለው ይህ ነው። የኢንተርኔቱ ትምህርት ለሁለቱም ወገኖች ክፍት ስለነበር በመካከላቸው የነበረው ዋና ልዩነት ከመምህሩ ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ መጠን ነበር። የአጋማሽና የማጠቃለያ ፈተናው ውጤት በአንድነት ሲታይ ሁለት ጊዜ ክፍል የገቡት ከመቶ በ2.3 ነጥብ በልጠው ተገኙ።

ይህን ቁጥር የኮሌጅ አስተዳዳሪና የክፍል መምህር በየፊናቸው ያነቡታል። አስተዳዳሪው የክፍሉ ጊዜ በግማሽ ተቀንሶ ውጤቱ የወረደው በሁለት ነጥብ ገደማ ብቻ ከሆነ፣ ነጻ የሚሆነውን አዳራሽ ለሌላ ትምህርት ማዋል አዋጭ ነው ሊል ይችላል፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸውም ቅይጡ አሰጣጥ ወጪ ቆጣቢ አማራጭ ሊሆን እንደሚችል ጠቁመዋል። መምህሩ ግን አማካይ ውጤት በሁሉም ተማሪ ላይ እኩል የደረሰ ጉዳት ማለት እንዳልሆነ ስለሚያውቅ፣ ነጥቡ ከማን ላይ እንደተቀነሰ ይጠይቃል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ለመምህሩ ጥያቄ ያደላል። የተሰበሰበው ማስረጃ ቅይጥ ትምህርትን የሚያስኮንን አይደለም። ሆኖም ከክፍል የሚነሳው ሰዓት የትኛው እንደሆነ፣ ከተነሳም በኋላ ደከም ያለው ተማሪ በምን እንደሚደገፍ አስቀድሞ ሳይወሰን የሚደረግ ለውጥ፣ ኮሌጁ ያተረፈውን ወጪ በደካማው ተማሪ ትከሻ ላይ ይጭነዋል።

በዚህ ጉዳይ በሚደረጉ ውይይቶች ቅይጥ ወይም ሃይብሪድ የሚባለው አሰጣጥ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ከሚሰጠው ትምህርት ጋር ተጨፍልቆ ሲወደስ ወይም ሲወገዝ ይሰማል። ጥናቶቹ ግን ሁለቱን ለያይተው ነው የመዘኑት። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመ ሌላ የዕጣ ሙከራ የማይክሮኢኮኖሚክስ ተማሪዎችን በሦስት ምድብ አስቀምጦ ነበር፤ አንዱ ምድብ ሙሉ በሙሉ በክፍል፣ ሌላው ከመምህሩ ጋር የሚገናኝበት ጊዜ ተቀንሶ በከፊል በኢንተርኔት፣ ሦስተኛው ደግሞ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ተማረ። በማጠቃለያ ፈተናው ሦስተኛው ምድብ ከመደበኛው ክፍል ከ5 እስከ 10 ነጥብ ወደ ኋላ ሲቀር፣ በቅይጡና በመደበኛው መካከል ግን በስታትስቲክስ ሚዛን የሚደፋ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ከመምህሩ ጋር ፊት ለፊት መገናኘት፣ ጨርሶ ካለመገናኘት ጋር የሚስተካከል አይደለም።

ልዩነቱ የሚጎላው በየትኞቹ ጥያቄዎች ላይ እንደሆነ ቀደም ብሎ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመውና በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው ጥናት ነው። በኢንተርኔት ብቻ የተማሩት ተማሪዎች በቀደመ የትምህርት ዝግጅታቸው የተሻሉ ሆነው ሳለ፣ በፈተና በክፍል ከተማሩት አንሰው ተገኝተዋል። ትርጓሜ ማወቅን ወይም ጽንሰ ሐሳብን መለየትን በሚጠይቁ ጥያቄዎች ልዩነቱ አነስተኛ ነበር፤ የተማሩትን አዲስ ሁኔታ ላይ እንዲያውሉ በሚጠይቁ፣ ሁለትና ሦስት የሐሳብ እርምጃ በሚፈልጉ ጥያቄዎች ግን ሰፋ። ይህ ግኝት ከዚህ በታች ለሚነሳው ነገር ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከዚያ በፊት ግን በዕጣ መመደብ ለምን ይህን ያህል ክብደት እንደሚሰጠው ማስረዳት ይገባል። ተማሪዎች ራሳቸው መርጠው የገቡባቸውን ክፍሎች ማወዳደር ቀላል ነው፤ የሚገኘው መልስ ግን አሳሳች ነው። ክፍል አዘውትሮ የሚገባ ተማሪ ብዙውን ጊዜ መጽሐፉንም የሚያነብ፣ መልመጃውንም የሚሠራ፣ በትምህርቱም ግብ ያለው ተማሪ ነው። ጥሩ ውጤት ሲያመጣ ክፍል በመግባቱ ያገኘው ነው ወይስ ቀድሞውንም በነበረው ትጋት? ሁለቱን መነጠል አይቻልም። በተቃራኒው በኢንተርኔት የሚሰጠውን የሚመርጡት ብዙዎቹ ሥራ ያላቸው፣ ልጅ የሚያሳድጉ ወይም ከካምፓሱ ርቀው የሚኖሩ ስለሆኑ፣ ዝቅ ያለው ውጤታቸው የአሰጣጡ ጉድለት ይሁን የኑሯቸው ጫና መለየት ያስቸግራል። የባሩክ ተመራማሪዎች ይህን በቁጥር አሳይተውታል። ክፍል መግባት ያለውን ጥቅም በዕጣው መሠረት ካሰሉ በኋላ፣ ዕጣውን ትተው በመደበኛው ክፍል የነበሩትን ተማሪዎች ብቻ በመያዝ ቀድሞ በተለመደው መንገድ ሲያሰሉት፣ ጥቅሙ 2.5 እጥፍ ተጋኖ ወጣ። ክፍል መግባት እጅግ ይጠቅማል ብለው የደመደሙት የቀደሙ ጥናቶች በአብዛኛው የለኩት የትጉህ ተማሪን ትጋት ነበር ማለት ነው። የመደበኛው ክፍል ጠበቆች ነን የምንል መምህራን ይህን እውነት መሸሽ የለብንም።

አሁን ወደ አማካዩ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ በታተመና በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በተካሄደ የዕጣ ሙከራ፣ የማይክሮኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ያንኑ የአንድ መምህር ገለጻ ገሚሶቹ በአዳራሹ ተቀምጠው፣ ገሚሶቹ በኢንተርኔት ተቀርጾ ተከታተሉት። በጥቅሉ በአካል መገኘት መጠነኛ ብልጫ ነበረው፤ ብልጫው ጎልቶ የታየው ግን በሂስፓኒክ (የዘር ሐረጋቸው ከላቲን አሜሪካ ወይም ከስፔን በሚመዘዝ) ተማሪዎች፣ በወንዶችና ቀድሞ ዝቅተኛ ውጤት በነበራቸው ላይ ነው። በስዊዘርላንድ የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ገለጻውን በቀጥታ ሥርጭት የመከታተል ዕድል ለአንዳንድ ተማሪዎች በዕጣ ሲሰጥ፣ ተማሪዎቹ ዕድሉን የተጠቀሙበት አልፎ አልፎ፣ በአካል መምጣት በከበዳቸው ቀን ብቻ ነበር። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ እንኳ የጎበዞቹን ውጤት ከፍ ሲያደርግ የደካሞቹን ዝቅ አድርጓል። ጎበዙ ዝናብ ሲጥልበት ወይም ሲታመም ከሚቀርበት ገለጻ ይድናል፤ ደካማው ደግሞ ቢመጣ ይሻለው የነበረውን ቀን ቤቱ ሆኖ ያሳልፋል። በእንዲህ ዓይነቱ ሁኔታ አማካዩ ምንም ልዩነት የለም ብሎ ሊያሳይ ይችላል፤ በአንድ በኩል ያለው ትርፍ በሌላው በኩል ካለው ኪሳራ ጋር ተጣፍቶ ማለት ነው።

ምናልባት ችግሩ የኢንተርኔት መስመር ደካማነት ወይም የኮምፒውተር እጥረት ነው የሚል መከራከሪያ ይነሳ ይሆናል። በዌስት ፖይንት የአሜሪካ ወታደራዊ አካዳሚ የተደረገው ሙከራ ይህን ለመመርመር የሚያመች ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጸው፣ በወረርሽኙ ወቅት፣ የኢኮኖሚክስ መግቢያ የሚወስዱ 551 ካዴቶች (ዕጩ መኮንኖች) ገሚሶቹ በክፍል፣ ገሚሶቹ በኢንተርኔት እንዲማሩ በዕጣ ተመደቡ። ካዴቶቹ የሚኖሩት በአንድ ግቢ፣ በአንድ ዓይነት ሥርዓትና ዲሲፕሊን ነው፤ አሥራ ሁለቱ መምህራንም አንድ ዓይነት ትምህርት ነው ያስተማሩት። ያም ሆኖ በኢንተርኔት የተማሩት የመጨረሻ ውጤታቸው በ0.215 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (የተማሪዎች ውጤት ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቅ በሚያሳየው መለኪያ) ዝቅ አለ፤ ከሁሉም በላይ የተጎዱትም ቀድሞውኑ በትምህርታቸው ለመውደቅ የቀረቡት ናቸው። የማንቂያ ደወል ሰምቶ በሚነሳ፣ ሰዓቱ በደቂቃ በተሸነሸነ ካዴት ላይ እንዲህ ከሆነ፣ መስመሩን ማስተካከል ብቻውን መድኃኒት ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ከመምህሩ ጋር በአካል መገናኘት የሚሰጠው፣ ስክሪኑ የማይሰጠው ነገር ምንድን ነው? መልሱ ከኢኮኖሚክስ ትምህርት ባሕርይ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። የመግቢያው ትምህርት የቃላት ብዛት የለበትም፤ የሚከብደው አስተሳሰቡ ነው። የጤፍ ዋጋ ጨመረ እንበል። ሸማቹ የሚገዛው የጤፍ መጠን ይቀንሳል፤ ይህ በዚያው በጤፍ የፍላጎት መስመር ላይ፣ ማለትም በየዋጋው የሚገዛውን መጠን በሚያሳየው መስመር ላይ፣ ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ነጥብ የሚደረግ እንቅስቃሴ ነው። ሸማቹ ፊቱን ወደ ስንዴ ሲያዞር ግን የስንዴ የፍላጎት መስመር ራሱ፣ እንዳለ፣ ወደ ቀኝ ይሸጋገራል። ጀማሪ ተማሪ ሁለቱን ያምታታል። «ዋጋ ሲጨምር ፍላጎት ይቀንሳል፤ ፍላጎት ሲቀንስ ደግሞ ዋጋ ይወርዳል፤ ስለዚህ የጨመረው ዋጋ ተመልሶ ይወርዳል» ብሎ በክብ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ለብቻው ሲሰማ ትክክል ስለሚመስልም ስህተቱን ራሱ አያገኘውም። ምርጫ ባለው የኮምፒውተር መልመጃ ላይ «ለ» ብሎ ሲመልስ ማሽኑ ትክክል አይደለም ይለዋል፤ ተማሪው «ሐ»ን ይሞክርና ያልፋል። ክፍል ውስጥ ወረቀት ላይ መስመሩን ሲስል ግን በረድፉ መካከል የሚዘዋወረው መምህር እጁ የትኛውን መስመር እንደገፋ ያያል፤ ለምን እንደገፋውም ይጠይቀዋል። የሚታረመው ከመልሱ በስተጀርባ ያለው አስተሳሰብ ነው።

ትምህርቱ ደግሞ ተደራራቢ ነው። የፍላጎት መስመሩን ያልጨበጠ ተማሪ ፍላጎት ለዋጋ ለውጥ ያለውን ምላሽ ማስላት አይችልም፤ ያንን ያልቻለ የታክስ ሸክም በሻጩና በገዢው መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል አይገባውም፤ የወጪ መስመሮች፣ ሞኖፖሊና የገበያ ጉድለት ሁሉ በዚህ ላይ ይገነባሉ። በሁለተኛው ሳምንት የተፈጠረ ብዥታ በአሥረኛው ሳምንት ወለድ ተጨምሮበት ይመጣል። የሚሺጋኑ ጥናት ልዩነቱን በትርጓሜ ጥያቄዎች ላይ ሳይሆን ውስብስብ በሆኑት ላይ ያገኘው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ትርጓሜውን ስክሪኑ በሚገባ ያስተምራል።

ይህ ማለት ታዲያ የተለመደው ክፍል እንዳለ ይጠበቅ ማለት አይደለም። የመደበኛው ኢኮኖሚክስ ክፍል አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው መምህሩ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ሲናገርና ተማሪው ሲገለብጥ ነው። በዚህ ዓይነቱ ሰዓት ተማሪው የሚያገኘው ነገር ከተቀረጸ ቪዲዮ ከሚያገኘው ብዙም አይበልጥም፤ ምናልባትም ቪዲዮው ይሻላል፤ ቆም አድርጎ መልሶ ሊያየው ይችላልና። በኦሃዮ የሚገኘው ማያሚ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ መምህራን ገና እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ ያቀረቡት ሐሳብ ይህንኑ የሚገለብጥ ነው፤ ገለጻው ወደ ቤት ይሂድ፣ የቤት ሥራው ወደ ክፍል ይምጣ። ይህ የተገለበጠ ክፍል በኋላ ሲፈተሽ ውጤቱ የተደበላለቀ ሆኗል። በአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ በኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃን በስታትስቲክስ በሚተነትነው) ትምህርት ላይ በተደረገ የዕጣ ሙከራ የተማሪዎችን ውጤት ከፍ አድርጓል። በዌስት ፖይንት በተደረገው ሌላ ሙከራ ግን በሒሳብ ለአጭር ጊዜ ሲረዳ በኢኮኖሚክስ ለውጥ አላመጣም፤ እንዲያውም በጎበዝና በደካማ ተማሪዎች መካከል ያለውን ክፍተት አስፍቶታል፤ ክፍተቱም ቆየት ብሎ እንኳ አልጠበበም። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ገለጻውን ቤቱ ተመልክቶ ያልመጣ ተማሪ የልምምድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ከሌሎቹ ኋላ ቀርቶ ነው የሚጀምረው።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው ፍርድ ይህ ነው፦ ከክፍል ሊነሳ የሚችለው ሰዓት መምህሩ የሚናገርበትና ተማሪው የሚጽፍበት ሰዓት ነው። ተማሪው ራሱ የሚሠራበት፣ የሚሳሳትበትና የሚታረምበት ሰዓት ሊነካ አይገባም፤ ቢቻል ሊጨመር ይገባል። ብዙ ኮሌጆች ግን የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው። መምህሩ ይዘቱን ለመጨረስ ስለሚጣደፍ በቀረችው አንድ የክፍል ሰዓት የሁለቱን ሰዓት ገለጻ ጨምቆ ያቀርባል፤ ልምምዱ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል። ደካማውን ተማሪ የሚያየው ሰው የጠፋውም ያኔ ነው።

የወጪው ጥያቄ በግልጽ መነሳት አለበት፤ ምክንያቱም ቅይጥ ትምህርትን የሚገፋው በአብዛኛው እሱ ነው። ባሩክ ኮሌጅ መሬት ውድ በሆነበት ማንሃተን ይገኛል፤ አብዛኞቹ ተማሪዎቹ ከቤታቸው እየተመላለሱ የሚማሩ ናቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ በሳምንት አንድ ቀን የሚቀርለት ጉዞ ለሥራም ለጥናትም የሚውል ጊዜ ነውና 2.3 ነጥቡ ቢያንስ በከፊል ይካሳል። ኮሌጁም አንድ አዳራሽ ለሁለት ክፍሎች ያውላል። ሁለቱም ወገኖች የሚያተርፉት ነገር አለ።

ይህን ስሌት ወደ ኢትዮጵያ ስናመጣው መልኩ ይለወጣል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ በአብዛኛው በግቢው ውስጥ ያድራል፤ ከማደሪያው እስከ መማሪያ ክፍሉ በእግር የሚሄድ ስለሆነ ክፍል ባለመግባቱ የሚያተርፈው የትራንስፖርት ብርም ሆነ ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። የክፍል ሰዓቱ በግማሽ ቢቀነስ ትርፉ ሙሉ በሙሉ የተቋሙ፣ ኪሳራው ሙሉ በሙሉ የተማሪው ይሆናል። የማታና የቅዳሜና እሑድ ተማሪ ግን ሌላ ነው። ቀን በባንክ ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውሎ ማታ ኢኮኖሚክስ የሚማረው ጎልማሳ ለባሩኩ ተማሪ ይቀርባል፤ የሚቀርለት ጉዞ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ሥራውም የራሱን ጊዜ ማስተዳደር አስለምዶታል። ቅይጥ አሰጣጥ በአገራችን መጀመር ካለበት ከዚህ ወገን ቢጀምር ይሻላል የምለው ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲላኩ የታየው እውነታ መዘንጋት የለበትም፤ ስልክ ያለው ሁሉ ቪዲዮ የሚያወርድበት ዳታ የለውም፤ በገጠር ከተማ መብራት ለቀናት ሊጠፋ ይችላል። በቴሌግራም የተላከ ስላይድ ደግሞ ገለጻ አይደለም፤ ስላይድ ልኮ ክፍሉን መሰረዝን ቅይጥ ትምህርት ብሎ መጥራት ጉዳዩን ያዛባዋል።

ቋንቋውም ሊታሰብበት ይገባል። ኢኮኖሚክስ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በአንድ በኩል የተቀረጸ ገለጻ እንግሊዝኛው ለሚከብደው ተማሪ በረከት ነው፤ ያልሰማውን ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ሊያዳምጥ ይችላል። በሌላ በኩል ክፍል ውስጥ መምህሩ የተማሪዎቹን ፊት አይቶ ሐሳቡ እንዳልገባቸው ሲረዳ ወደ አማርኛ ወይም ወደ አካባቢው ቋንቋ ዞር ብሎ፣ የመርካቶን ነጋዴ ወይም የሰፈሩን ወፍጮ ቤት ምሳሌ አድርጎ ያስረዳል። ለካሜራ የሚናገር መምህር ይህን አያደርግም፤ የሚያየው ፊት የለምና። በአሜሪካው ሙከራ በቪዲዮ ከተማሩት መካከል በተለይ ሂስፓኒኮቹ መጎዳታቸው ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው ማለት ባይቻልም፣ ሁሉም ተማሪ በሁለተኛ ቋንቋው በሚማርበት አገር ግን ይህን ውጤት ችላ ብሎ ማለፍ አይገባም።

እስካሁን የጠቀስኳቸው ሙከራዎች ሁሉ የአሜሪካና የስዊዘርላንድ ናቸው፤ በእነሱ ብቻ ተመርኩዞ ለኢትዮጵያ መወሰን አይቻልም። የሚያበረታታው ነገር ግን ተመሳሳይ ሙከራ እዚህ ማካሄድ ከሌሎች አገሮች ይልቅ ቀላል መሆኑ ነው። የኢኮኖሚክስ መግቢያ ለብዙ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚሰጥ የጋራ ትምህርት ነው፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በርካታ ሴክሽኖች በአንድ ሴሚስተር ይወስዱታል። ተማሪውም ብዙውን ጊዜ ሴክሽኑን አይመርጥም፤ ይመደባል። የጎደለው ምደባውን በትክክል በዕጣ ማድረግ፣ ገሚሶቹን ሴክሽኖች በቅይጥ አሰጣጥ ማስተማርና ለሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና መስጠት ብቻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም ለኢኮኖሚክስ ተመራቂዎች አገር አቀፍ መለኪያ ስለሆነ፣ የአንደኛ ዓመቱ ልዩነት እስከ ምረቃ መዝለቅ አለመዝለቁን ለመከታተል ያስችላል።

እንዲህ ያለ ሙከራ ሲደረግ ግን ፈተናው ትርጓሜ በሚጠይቁ ጥያቄዎች ብቻ ከተሞላ ልዩነቱ ሊደበቅ ይችላል። ተማሪው መስመሩን በእጁ እንዲስል፣ ለምን እንደተሸጋገረ በራሱ ቃል እንዲያስረዳ የሚጠይቁ ጥያቄዎች ሊኖሩበት ይገባል። ውጤቱም በአማካይ ብቻ ሳይሆን በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ዝቅተኛ ነጥብ ይዘው ለገቡት፣ ከገጠር ትምህርት ቤቶች ለመጡትና ለሴት ተማሪዎች ለየብቻ ተሰልቶ መቅረብ አለበት። የክፍል ሰዓት ለመቀነስ የሚነሳ ማንኛውም ተቋም ይህን ሠንጠረዥ የጊዜ ሰሌዳውን ከማውጣቱ በፊት ለመምህራኑና ለተማሪዎቹ የማሳየት ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ።